ቤት የሌላት የጽዋ ተረኛ

ከጎጃም ከተመለስኩ ወዲህ የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ልጆች አላስቀመጡኝም። ነርሷም ዘበኛውም እየተፈራረቁ «እስኪ እንደገና አውሪልን» ይሉኛል። ባወራሁት ቁጥር ደግሞ ጭቃው እየጠለቀ፣ ተራራው እየረዘመ መጣ። ከዚህ በላይ ሳላሳብጠው እንዳለ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ከእናንተ ውስጥ ሮብ ገበያ ድረስ የሚሄድ እንደሌለ አውቃለሁና አምናችሁኝ አንብቡ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነቡ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ መንደር በእርሻ ነው የሚኖሩት። «የጊዮርጊስን ማኅበር በኔ ቤት ልናፈርሰው ነው» አሉኝ። «አባትሽ የጠጣው ማኅበር ነው። ነይና አብረሽኝ ሸኚው።» ጽዋ ማኅበር ለማታውቁ፦ ጎረቤቶች በቅዱሱ ስም በየወሩ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። የቀረውን ደንብ ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር፤ ባለማወቄ ምን እንደደረሰብኝ ቦታው ሲደርስ ታያላችሁ።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምቀማ ዘማሪ ነበርኩ። ከዚያ ከማንም ሳልጣላ፣ ምንም ክፉ ነገር ሳይደርስብኝ፣ እምነቴ እንደ ሳሙና እየሳሳ እየሳሳ አለቀ። ያለቀበትን ቀን እንኳን አላውቀውም። የሄድኩት ክሊኒኩ ቀለም ሲቀባ እረፍት ስላገኘሁ፣ መንገዱም ሰላም ሆኗል ስለተባለ ነው።

*ማክሰኞ*

ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ጭኔ ላይ ትልቅ የኬክ ካርቶን አለ። ከአዲስ አበባ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ የገዛሁት ነው፤ ክሬም የለበሰ፣ ላዩ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የተጻፈበት።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቤተ ክርስቲያን ባዩ ቁጥር ያማትባሉ። ሲያማትቡ ክርናቸው ጎኔን ይወጋኛል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎሃ ጽዮን ስንት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ በጎድኔ ቆጥሬዋለሁ። ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ቤተ ክርስቲያን ሳይኖርም ማማተቡን ቀጠሉ። አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ጠማማው ላይ ብቅ ሲል የኔም እጅ ተነሥቶ ግንባሬን ነካ። ሴትዮዋ አዩኝና «አይዞሽ፣ ሁሉም እዚህ ሲደርስ ክርስቲያን ነው» አሉኝ። ድልድዩን እስክንሻገር ድረስ የማውቀውን መልአክ ሁሉ ጠራሁ። ሽቅብ ወጥተን ደጀን ስንደርስ ጥብስ አዘዝኩ፤ እምነቴም እዚያው ተመልሶ ተኛ።

ጥብሱ ጣፋጭ ስለነበር ኬኩን ወንበር ላይ ረስቼ ወጣሁ። አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ የምግብ ቤቱ ባለቤት ካርቶኑን አቅፈው ሲሮጡ አየን። ተሳፋሪው በሙሉ «አቁም» አለ። ሰውየው እያለከለኩ በመስኮት አቀበሉኝና «ለማን ነው?» አሉ። ለማኅበር ነው ስላቸው ገንዘብ እንደተሰጠው ሰው ደስ ብሏቸው ሄዱ። አዲስ አበባ ቢሆን ኬኬ እስካሁን የማን ልደት ላይ እንደተቆረሰ አላውቅም።

ደብረ ማርቆስ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት የሰጡኝ ብርድ ልብስ እንደማይበቃኝ በዐይን ለክተው የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው ደረቡልኝ። «ሸገር ሙቅ ነው መሰለኝ፣ ልጄ፣ ቆዳሽ ሳስቷል» አሉኝ። ጋቢው ውስጥ ተጠቅልዬ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

*ረቡዕ*

ቁርስ እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ። አስተናጋጁ ቆመ። ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ ጫማው አየ። «እንቁላሉስ አለ» አለ በመጨረሻ፣ «ቀኑ ነው የሌለው።» ረቡዕ መሆኑን፣ ረቡዕ ደግሞ ጾም መሆኑን ያኔ ነው ያስታወስኩት። ሰፈሬ ያለው ካፌ በዓርብ ቀን ክትፎ ሳዝዝ ማንም ጫማውን አያይም። አፍሬ ሻይ ብቻ ጠጣሁ፤ እሱ ግን አንጀቱ አልችል ብሎት ነው መሰለኝ አንድ ዳቦ ከኋላ አምጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ለመንገድ ሰጠኝ።

ወደ ሮብ ገበያ የሚሄደው ሚኒባስ ጢም ብሎ ነበር፤ ስሙም እንደሚለው የገበያው ቀን ነዋ። ኬኩ ከሰው ጭን ወደ ሰው ጭን እየተላለፈ ተጓዘ። ከተማው ስንደርስ ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለነበር ባጃጁ ወደ መንደሩ አልወጣም አለ። የድንች ጆንያ በበቅሎ ጭነው ወደዚያው የሚመለሱ ሽማግሌ አገኘሁ። «የዘነቡ ዘመድ ነሽ? በይ ካርቶንሽን አምጪ» ብለው ኬኩን በጆንያው ላይ አሰሩት። በቅሎዋ አልወደቀችም። እኔ ነኝ የወደቅኩት። ከወደቅኩበት ያነሣችኝ አላፊ ሴት በአጠገቡ በሚወርደው ወንዝ ጫማዬን ከነካልሲው አጥባ፣ ጨምቃ አስረከበችኝ። ስሟን ስጠይቃት «ምን ያደርግልሻል?» ብላ ሄደች።

እትዬ ዘነቡ አቅፈው ሳሙኝ። ከዚያ ካርቶኑን ከፈቱና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ቅቤ አለበት?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንቁላልስ?»

«አለበት።»

«ወተቱንም ጨምረሽበታል መቼም።»

በጾም ቀን የምድር ፍስክ ሁሉ የተሰበሰበበት ነገር በበቅሎ አስጭኜ መጥቻለሁ። እትዬ ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው። ገበያ ደርሰው የሚመለሱ ጎረቤቶች ሁሉ ኬኩን ለማየት ጎራ እያሉ፣ እያዩና ምራቃቸውን እየዋጡ ሄዱ። በመጨረሻ እትዬ ነጠላ አለበሱትና «ሰውን ከምንፈትን ተሸፍኖ ይደር» አሉ።

*ሐሙስ*

ማኅበርተኞቹ መጡ። ድሮ ይህ ቤት አይበቃም ነበር አሉኝ። ልጆቹ ወደ ከተማ ሄዱ፣ አንዳንዱ ቤተሰብ ሌላ እምነት ያዘ፣ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ተወ፤ አሁን የመጡት አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ቦታ ይተርፋል። ማኅበሩን የሚመሩት፣ በደንቡ «ሙሴ» የሚባሉት፣ ጎልማሳ ድምፅ ያላቸው ሽማግሌ አያ ምትኩ ናቸው። የማኅበሩ ቄስ ቄስ ይሁኔ ናቸው። ጥግ ይዘው የተቀመጡት አያ ቢምረው ሚስታቸውን በቅርቡ የቀበሩ ገበሬ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

ተጸለየ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ኬኩም ተቆረሰ። ቄስ ይሁኔ ሁለተኛ ቁራሽ ሲወስዱ «ትናንት በዐይኔ ጹሜዋለሁ» አሉ።

ከዚያ አያ ምትኩ ተነሡ። በእጃቸው ቀይ ጨርቅ የለበሰ የሸክላ ጽዋ አለ። ጽዋውን በሁለት እጃቸው ወደፊት ዘርግተው ቆሙ። ማንም አልተነሣም። እትዬ ዘነቡ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ አያ ቢምረው መሬት መሬት ያያሉ።

እኔ ምን መሰለኝ? እንግዳ ስለሆንኩ ቅድሚያ ለኔ የሰጡኝ፣ እኔ ሳልጠጣ ማንም የማይጠጣ መሰለኝ። የሽማግሌ እጅ ተዘርግቶ ማስቆም ደግሞ በቤታችን ነውር ነው። ብድግ አልኩና ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

እትዬ ዘነቡ እልልታውን አቀለጡት። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ልጠጣ ጨርቁን መግፈፍ ስጀምር ቄስ ይሁኔ እጄን ያዙ።

«አይጠጣም፣ ልጄ» አሉ። «ይወጣል።»

ጽዋውን የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ወር ማኅበሩን በቤቱ ያወጣል ማለት ነው። ተራው የአያ ቢምረው ነበር። ቤታቸው ጠማቂ የለም፣ እሳቸውም ልባቸው ወድቋል፤ ስለዚህ አያ ምትኩ ለደንቡ ያህል ዘርግተው፣ የሚቀበል ሲጠፋ ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሊመልሱት ነበር። ማኅበሩ የሚያልቀው እንደዚያ ነበር። እኔ መሀል ገብቼ አስቀጠልኩት።

ጭንቀቴ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ሌላ ደንብ መጣ። ተረኛ ጽዋውን ሲቀበል ማኅበርተኛው እየዘመረ እስከ ቤቱ ይሸኘዋል። የኔ ቤት የት ነው? ከዚያው ከእትዬ ቤት በቀር አገሩ ላይ ቤት የለኝም። ተመካከሩ። ደንብ አይሻርም ተባለ። እናም ጽዋውን ይዤ ከበሩ ወጣን፣ አጥሩን ዞርን፣ የበጉን ጋጣ አልፈን፣ እየዘመርንና እየተንሸራተትን መልሰን በዚያው በር ገባን። አያ ምትኩ ጃንጥላ ይዘውልኛል። እትዬ ዘነቡ ቀድመውን ሮጠው ገብተው፣ አሁን ከመንገድ እንደመጣን ሁሉ «ቤት ለእንግዳ» ብለው ተቀበሉን። ቄስ ይሁኔ ሳቅ ይዟቸው ቡራኬውን ሦስቴ ጀመሩት። እንደዚያን ቀን የሳቅኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ጽዋው መሬት አይቀመጥም ተብሎ ከምሰሶው ላይ ተሰቀለ። ያን ጊዜ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። እነዚህ ሰዎች ማኅበራቸው ዳነ ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ ያዳነቻቸው ደግሞ ከዓባይ በረሃ በቀር ማማተብ የተወች ሴት ናት።

*ዓርብ*

ማኅበርተኞቹ ለእትዬ ዘነቡ ድንች ሊቆፍሩላቸው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በየዓመቱ እንዲህ ያደርጋሉ። እኔም መቆፈሪያ ተሰጠኝና ገባሁ። አብዛኛውን ድንች ለሁለት እየቆረጥኩ ስላወጣሁ ለቀማ ላይ መደቡኝ። እየለቀምኩ፣ ቀና ሳልል፣ ነገሩን ዘረገፍኩት።

«አያ ምትኩ፣ ጽዋውን መልሱልኝ። አላወቅኩም ነበር። ደግሞም እኔ... ድሮ አምን ነበር። አሁን እንጃ።»

ዝም የሚሉ፣ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አያ ምትኩ መቆፈሪያቸውን ተደግፈው «ታዲያ ማን ያምናል ብለሽ ነው የመጣሽ?» አሉኝ።

ቄስ ይሁኔ ሳል አሉ።

«ኧረ ተይ፣ የኔ ዓለም» አሉ አያ ምትኩ። «እኔን ታያለሽ? በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበርሁ። ማኅበር አድኃሪ ነው ብየ ቀን በስብሰባ አግጄ፣ ማታ መጥቼ ከነዚሁ ጋር ጠጥቻለሁ።»

«ጠጥቶ ብቻ?» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ጠላው ቀጠነ ብሎ ወቅሶናል እንጂ።»

«ቀጥኖ ነበራ።»

ሳቁ ሲበርድ እትዬ አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ «እኔስ» አሉ። «ባሌ የሞተ ለት ጊዮርጊስን ተቀይሜ ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዞርሁት። ወራት ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከረመ። ማን እንደመለሰው ዛሬም አላውቅም። ማኅበርተኛው መጥቶ ሲሄድ ዞሮ አገኘሁት።»

ሁላቸውም ድንች ወደ መልቀሙ አቀረቀሩ። ማን እንዳዞረው የሚያውቅ እዚያው ማሳ ላይ እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ።

ቄስ ይሁኔ እንኳን አልቀሩም። «እኔ አንድ ክረምት የታመመ በሬ ነበረኝ» አሉ። «አፌ ሲቀድስ ልቤ በረት ነበር። መሬትም እኮ ያርፋል። ሲያርፍ የሚያየው ሰው ሞተ አይልም።»

«ስሚኝ» አሉ አያ ምትኩ። «በዚህ ማኅበር ባንድ ወር ከልቡ የሚያምን ሁለት ሰው ተገኝቶ አያውቅም። አንድ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ማን እንደሆነ ነው የማናውቀው፤ በየወሩ ይለዋወጣል። ስንሰበሰብ እሱ ለሁላችን ይበቃል።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰንበት ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም ነበር። ቢነገረኝ ኖሮ እንጃ፣ ምናልባት እምነቴ ሲሳሳ ብቻዬን ተደብቄ ባልወጣሁ።

ያን ጊዜ አያ ቢምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «የኔ ቤት ግን ያረፈ አይደለም» አሉ። «እሷ ከሄደች ወዲህ ጋኑ አልታጠበም። ለኔ ብላችሁ አትድከሙ። ልጂቱንም አታስቸግሯት፤ ይለቅላት።»

ማሳው ላይ የነበረው ሳቅ ሁሉ ቆመ። ቄስ ይሁኔ ወደኔ ዞረው «በስሕተት የተያዘ ጽዋ ይመለሳል፤ ነውርም የለበትም» አሉ። «ነገ መኪናሽ ሳይሄድ እንመጣለን። ከመለስሽው ወደ ዕቃ ቤት እወስደዋለሁ። ከያዝሽው ይዘሽዋል።»

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነቡ ጥሬ ቆልተው አጠገቤ ተቀመጡ። በአንድም ቃል አልገፋፉኝም። «ሰው ሳይወድ ያወጣው ጽዋ ይጎመዝዛል፤ አትጨነቂ» አሉኝ። ዐይናቸው ግን ምሰሶው ላይ ነበር። እናታቸው ያወጡት፣ ወንድማቸው አባቴ የጠጣው ማኅበር በሳቸው ቤት ሊቋረጥ ነው። አሳዘኑኝ። ደግሞ ፈራሁ፤ ሳላምን ያዝኩት ማለት ማታለል አይሆንም? ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉም እንዳለ ሆኖ ልቤ ውስጥ አንድ የሚፈነድቅ ነገር ነበር። የአጥሩ ዙሪያ ሽኝት ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

*ቅዳሜ*

ሚኒባሱ ከሮብ ገበያ የሚነሣው ረፋድ ላይ ነበር። ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን ለብሰው ማልደው መጡ። አያ ቢምረውም መጡ፤ ለስንብት ብቻ ነው አሉ፣ በሩ ላይ ቆመው።

ጽዋውን ከምሰሶው አወረድኩት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፣ ጠፋብኝ።

«እይዘዋለሁ» አልኩ። «ግን ቤት የለኝም። አያ ቢምረው ቤት አለዎት፣ እጅ አጡ። የርስዎ ቤት ላውጣው? ጠላውን እትዬ እዚያው ሄደው ይጥመቁ። እኔ ለወሩ እመጣለሁ፣ ጋኑን እኔ አጥባለሁ፣ መቅዳቱንም እኔ እቀዳለሁ። ተራው የርስዎ እንደሆነ ይቆይ።»

አያ ቢምረው ከበሩ ፈቀቅ ብለው መንገዱን ለቀቁ። አያ ምትኩ ቄስ ይሁኔን አዩ፤ ቄስ ይሁኔ «ደንቡ አይከለክልም» አሉ። እትዬ ዘነቡ ከነገሩ ሁሉ ያሰቡት አንድ ነገር ነበር። «እንግዲያማ ሽኝቱ ዛሬ የምር ነው» አሉና እልል ብለው ቀድመው ወጡ።

በማሳዎቹ ጠርዝ ሄድን። የዚያን ቀን ያልዘመርኩት መዝሙር የለም፤ ግጥሙን ባላውቅም ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ አዜምኩ። ጭቃው አንድ ጫማዬን አስቀረው፤ ተመልሼ ላነሣ ስል አያ ምትኩ «ተረኛ ወደኋላ አይልም» አሉኝና ራሳቸው ፈልቅቀው አመጡልኝ። ሦስት እርምጃ አንድ ጫማ ብቻ አድርጌ ሄጃለሁ። ከየአጥሩ ሰው ብቅ እያለ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ አንዳንዱም ይከተለናል። በሕይወቴ እንደዚያ ከሰው ጋር ሆኜ ቀልዬ አላውቅም።

የአያ ቢምረው ቤት በሩ ሲከፈት የታፈነ ሽታ አለው። እሳት የነደደበት አይመስልም። ጋኑ ጥግ ላይ አፉን ወደ ታች ተደፍቷል። ሳቃችን ደጃፉ ላይ ቀረ። ጽዋውን ከምሰሶው ሰቀልን። ከዚያ ቄስ ይሁኔ «ጽዋውን ያመጣ አባታችን ሆይን ይጀምራል» አሉ።

ይሄንንም ማንም አልነገረኝም። ዐይኔን ጨፈንኩና ጀመርኩ። ሁለት ሐረግ አልሄድኩም፣ ጠፋብኝ። በልጅነቴ በአንድ ትንፋሽ የምለው ጸሎት ከምላሴ ላይ ሄደ። ደንግጬ አፌን ከፍቼ ስቀር የነሱ ድምፅ ከግራም ከቀኝም መጣና ተሸከመኝ። እኔ ዝም ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ጥቂት ቆይቶ ቃሉ ራሱ መምጣት ጀመረ፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣልኝ። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ከሁሉም በላይ እየጮኽኩ እንደሆነ አልታወቀኝም።

ዐይኔን ስከፍት የምጸልየው እኔ ብቻ ነበርኩ። አያ ቢምረው «ፈቃድህ ይሁን» ከሚለው ላይ ቆመው ቀርተዋል። ሌሎቹም ጥለዋቸው ላለመሄድ ይመስለኛል፣ አንድ በአንድ ዝም ብለዋል። እንዲያ ሲሆን ማቆም ይሁን መቀጠል አላወቅኩም። አያ ምትኩን አየኋቸው። በእጃቸው ሂጂ፣ ሂጂ አሉኝ። ሄድኩ። እምነቷ ካለቀባት ሴት በቀር ያን ጸሎት የሚል ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ፣ አንድ ጫማዬ በጭቃ ተሞልቶ፣ የዕለት እንጀራችንን ለምኜ፣ ይቅር በለን የሚለው ላይ ደረስኩ። ያን ጊዜ አያ ቢምረው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ካቋረጡበት ሳይሆን እኔ ከደረስኩበት ቀጠሉ።